ንጉሥ ካልተከሰሰ ማን ይከሰሳል? የቬርሳይ እቁባቶችና ደጅ ጠኚዎቻቸው

‹‹እርሱ እኮ ደግ ሰው ነበር፤ ያበላሹት የከበቡት ናቸው።›› ይህችን ዐረፍተ ነገር ሰምቶ የማያውቅ የአገሬ ሰው ያለ አይመስለኝም። ሰሞኑን ከአንድ የቆየ ወዳጄ ጋር ቡና እየጠጣን ሳለ የአንድ ያለፈ ባለሥልጣን ነገር ተነሣ። ወዳጄ የተማረና ብዙ ያነበበ ሰው ነው። የባለሥልጣኑን ጥፋት አንድ በአንድ ከዘረዘረልኝ በኋላ ዙሪያውን ገልመጥ አድርጎ ድምፁን ዝቅ አደረገና፣ ‹‹ዋናዋ እኮ ሴትዮዋ ናት›› አለኝ። ማስረጃውን ብጠይቀው፣ ‹‹አገር ያወቀው ነገር ነው!›› ብሎ ሣቀ። እኔም ዝም አልሁ። ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን ነገሩ አልለቀቀኝም፤ ከዓመታት በፊት አንብቤው የነበረውን የ18ኛውን ምዕተ ዓመት የፈረንሳይ ታሪክ እንደገና ገለጥሁ። ይህን ጽሑፍ የወለደው ያ ምሽት ነው።

አባቶቻችን ‹‹ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ›› ይላሉ። እንግዲህ ንጉሥ ካልተከሰሰ በእርሱ ፈንታ ማን ይከሰሳል? ሕዝብ ሲራብ፣ ጦር ሲሸነፍ፣ ግምጃ ቤት ሲራቆት ቁጣ ማረፊያ ይሻልና። በፈረንሳይ ለዚያ ቁጣ ማረፊያ የሆኑት የኃያላን ወንዶች ወዳጆች የነበሩ ሴቶች ናቸው። እኔ እንደምረዳው ሕዝቡ እነርሱን ሲያወግዝ ሥርዐቱን ያወገዘ መስሎት ነበር። አልነበረም። የስሕተቱንም ዋጋ የከፈሉት እነርሱ ብቻ አይደሉም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይያዝልኝ።)

ስም የጠፋላቸው ሴቶች

ስለ እነዚህ ሴቶች በአማርኛ ለመጻፍ የተነሣ ሰው በመጀመሪያ የሚገጥመው የስም ችግር ነው። ‹‹እቁባት›› ለቤተ መንግሥት እንጂ ለከተማ አይሆንም፤ ‹‹ሴተኛ አዳሪ›› ስንል ለዕለት ጉርሷ የምታድረውን ድኻ እናስባለን፤ ‹‹ጋለሞታ›› ደግሞ ስድብ ነው። ወደ ነገሩ የሚቀርበው ‹‹ቅምጥ›› የሚለው ቃላችን ነው። የፓሪስ ቅምጥ በአንድ ሀብታም ወንድ ወጪ የምትኖር፣ የወር ተቆራጭ ያላት፣ ቤትና የቤት ዕቃ፣ ሲሳካላትም ሠረገላና ጌጣጌጥ የሚሰጣት ሴት ነበረች። ከፋዩ መስፍን፣ አምባሳደር፣ ወይም ግብር የመሰብሰብን ሥራ ከመንግሥት በኮንትራት የያዘ ቱጃር ሊሆን ይችላል። ከከፋዩ በስተጀርባ ደግሞ ብዙ ጊዜ ምንም የማይከፍል የልብ ወዳጅ ነበራት።

ወንዶቹ በዚህ አያፍሩም ነበር። ስመ ጥር ቅምጥ መያዝ እንደ ምርጥ ፈረስና እንደ ተዋበ ሠረገላ የማዕርግ ምልክት ነው። ሚስት ለዘር፣ ለርስትና ለቤተሰብ ስም ናት፤ ቅምጥ ግን ለዐደባባይ ናት። ሴቶቹስ ከየት መጡ ቢሉ፣ ብዙዎቹ የእጅ ባለሙያ፣ የልብስ ሰፊና የቤት አገልጋይ ልጆች ነበሩ። በዚያ ዘመን ለባሏ የምትሰጠው ገንዘብ የሌላት ልጃገረድ ጥሩ ትዳር አታገኝም፤ የመርፌ ሥራም አያጠግብም። አንድ ያልተለመደ በር ብቻ ነበረ፦ ስሟ በንጉሡ ኦፔራ መዝገብ ላይ የሰፈረ ዘፋኝ ወይም ተወዛዋዥ ከአባቷም ሆነ ከባሏ ሥልጣን ነፃ ትወጣ ነበር። ሕግ ለሌላዋ ሴት የነፈገውን ነፃነት ለመድረክ ሴት ሰጠ፤ እርሷም ያንን ነፃነት ይዛ ወደ ሀብታሞቹ ገበያ ወጣች።

ከእነዚህ መካከል ዳንሰኛዋን ማሪ ማድሌን ጊማርን እናንሣ። ዋናው ከፋይዋ ልዑል ሱቢዝ ነበር፤ ስሙን ያዙልኝ፣ ኋላ ይመለሳል። ጊማር በዘመኑ ስመ ጥር በነበረው በአርክቴክት ለዱ ንድፍ፣ የራሱ የቴአትር አዳራሽ ያለው ቤት በፓሪስ አሠርታ በ1772 አስመረቀች። የፓሪስ ታላላቆች የግብዣዋን ወረቀት ለማግኘት ይሻሙ ነበር። ሆኖም ገንዘቡ ሲነጥፍ በ1786 ያንን ቤት በሎተሪ አወጣችው፤ 2,500 ቲኬት፣ እያንዳንዱ በ120 ሊቭር። የደጅ ጠኚ ወንዶች ፍቅር ጣራና ግድግዳ ሊያቆም ይችላል፤ ዘላቂ ግን አልነበረም።

በመዝገብ የሰፈረ ገመና

ከ1747 ጀምሮ የፓሪስ ፖሊስ አንድ ልዩ ሥራ ጀመረ። ሜኒዬ የሚባል መርማሪ የከተማዪቱን ቅምጦች እየተከታተለ በየስማቸው ፋይል ከፈተ። የት እንደተወለደች፣ ወላጆቿ እነማን እንደሆኑ፣ በስንት ዓመቷ ወደዚህ ሕይወት እንደገባች፣ ማን እንደሚከፍልላት፣ በወር ስንት እንደሚሰጣት፣ የልብ ወዳጇ ማን እንደሆነ ሁሉ ተጻፈ። የሴት ቤት ባለቤቶች ሥራቸውን በሰላም የሚቀጥሉት ያዩትንና የሰሙትን ለፖሊስ ሲነግሩ ነበር። ከ1757 በኋላ ደግሞ ሥራውን ማሬ የሚባለው መርማሪ ቀጠለበት።

ልብ በሉ፤ ይህ ሁሉ ድካም ቅምጥ መያዝን ለመከልከል አልነበረም። የትኛው መስፍን በዕዳ እየተዘፈቀ እንደሆነ፣ የትኛው የውጭ አምባሳደር የት እንደሚያመሽ ማወቅ ለመንግሥት ጠቃሚ ነበር። የሰውን ገመና የያዘ ሰውየውን ይይዛል። ‹‹ጆሮ ጠቢ›› የሚል ቃል በቋንቋችን ላለን ሰዎች ይህ ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። ልዩነቱ ግን እዚህ ላይ ነው፦ ፖሊስ በዝሙት የጠረጠራትን ሴት ያለ በቂ ክርክር ሳልፔትሪየር ወደሚባለው ማጎሪያ ሊሰድዳት ይችል ነበር፤ ከፋዩ ወንድ ግን ስሙ ፋይል ውስጥ ከመስፈሩ በቀር የሚደርስበት አልነበረም። ዛሬም ስለ እነዚህ ሴቶች ከምናውቀው አብዛኛው በሰላይ ብዕር የተጻፈ ነው። የራሳቸው ድምፅ ከስንት አንድ ካልሆነ በቀር አይሰማም።

የዓሣዋ ዘፈን

ከከተማው ወደ ቤተ መንግሥት እንሻገር። ዣን አንቷኔት ፗሶን በ1721 በፓሪስ ስትወለድ ወላጆቿ ከመኳንንት ወገን አልነበሩም። በ1745 ግን የንጉሥ ሉዊ 15ኛ በይፋ የታወቀች እቁባት ሆነችና ማርኪዝ ደ ፖምፓዱር ተባለች። ሁለቱ ከ1750 ገደማ በኋላ አልጋ መጋራት ቢያቆሙም እርሷ የንጉሡ ወዳጅና አማካሪ ሆና በ1764 ቬርሳይ ውስጥ እስከ ሞተችበት ቀን ድረስ ኖረች። ሹመት የፈለገ፣ ጡረታ የፈለገ፣ የጦር አዛዥነት የፈለገ ሁሉ የእርሷን ደጅ ጠና። በአደባባይ አጎንብሶ የሚስማት መኰንን ማታ ከባልንጀሮቹ ጋር ሲሆን የስድብ ዘፈን ይዘፍንባታል። የአባቷ ስም በፈረንሳይኛ ‹‹ዓሣ›› ማለት ስለሆነ ዘፈኖቹም ‹‹ፗሶናድ›› ተባሉ።

በ1749 ንጉሡ በእነዚሁ ዘፈኖች የተጠረጠረውን ሚኒስትሩን ሞርፓን ሻረ። ቀጥሎም ፖሊስ የግጥም አሳዳጅ ሆነ። አንዱ ተማሪ ከሌላው፣ ሌላውም ከአንድ ቄስ ቀዳሁ እያለ ሰንሰለቱ ቀጠለና 14 ሰዎች ታሰሩ። ተማሪዎች፣ ካህናትና ጸሓፊዎች ነበሩ፤ በኋላም ከፓሪስ ተባረሩ። የመጀመሪያው ደራሲ ግን አልተገኘም፤ ግጥሙ ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ እየተጨመረበት የብዙ ሰው ሆኗልና። ግጥሞቹን ስንመለከት ሰዎቹ የተቆጡበት ነገር እውነተኛ እንደነበር እንረዳለን፤ ንጉሡ ጦርነቱን ያለ ጥቅም ጨርሶ ግብሩን ግን አላነሣም ነበር። ይሁን እንጂ ያ ቁጣ ብዙ ጊዜ የሚጨርሰው በአንዲት ሴት የትውልድ ሐረግና ገላ ላይ ነበር።

አሁን ወደ ልዑል ሱቢዝ እንመለስ። ይህ ሰው የፖምፓዱር ወዳጅ ነበረ። በ1757 ሮስባኽ በተባለው ስፍራ ከአጋሮቹ ጋር ጦር እየመራ ሄዶ በቍጥር እጅግ በሚያንስ የፕሩሲያ ሠራዊት ተዋርዶ ተሸነፈ። ሕዝቡ ማንን ረገመ? ከሱቢዝ ይልቅ ፖምፓዱርን። ሱቢዝስ ምን ሆነ? በዓመቱ የፈረንሳይ ማርሻል የሚለውን ከፍተኛ የጦር ማዕርግ ተሸለመ፣ ከዚያም የጊማር ከፋይ ሆኖ ኖረ፣ በ1787 ዐብዮቱን ሳያይ በሰላም ሞተ። ሹመቱን በፊርማው ያጸደቀው ንጉሡ፣ ጦሩን የመራው ልዑሉ ሳሉ ተጠያቂዋ አማካሪዪቱ ሆነች። እርሷ ምንም አልሠራችም ማለቴ አይደለም፤ በ1756 ከኦስትሪያ ጋር የተደረገው የኅብረት ውል ሲወጠን እጇ ነበረበት። ነገር ግን አማካሪ ያማክራል፣ የሚወስነው ባለ ዘውዱ ነው።

የልብስ ሰፊዋ ልጅ

ዣን ቤኩ በ1743 ቮኩለር በምትባል ትንሽ ከተማ ከአንዲት ልብስ ሰፊ ተወለደች፤ እናትየዋ ባል አልነበራትም። ልጅቷ ፓሪስ ውስጥ በገዳም ትምህርት ቤት ተምራ በአንድ የጌጥና የአልባሳት መደብር ስትሠራ ዣን ባፕቲስት ዱ ባሪ የሚባል ሰው አገኛት። ይህ ሰው በእርሷ ውበት የሚነግድ መኰንን ነበር። የእርሱ ቅምጥ አደረጋት፣ ከዚያም ለታላላቆች አስተዋወቃት፤ በመጨረሻ ንጉሡ ዘንድ ደረሰች። ንጉሡ ያኔ ወደ 60 ዓመት እየተጠጋ ነበር።

እዚህ ላይ የሥርዐቱ ግብዝነት በግልጽ ይታያል። የባላባት ሚስት ያልሆነች ሴት በይፋ ወደ ቤተ መንግሥት መቅረብ አትችልም። ስለዚህ በ1768 የተጭበረበረ የልደት ማስረጃ ተዘጋጀላት፤ ዕድሜዋ በሦስት ዓመት አነሰ፣ አባትም ተገኘላት። የዱ ባሪ ወንድም አግብቷት ወዲያው ከእርሷ ተለይቶ ሄደ። እርሷም ሚያዝያ 22 ቀን 1769 በቬርሳይ እንደ ክብርት ወይዘሮ ቀረበች። የውሸቱን ወረቀት አዘጋጆች መኳንንት ነበሩ፣ ተቀባዩ ንጉሥ ነበር፤ ‹‹አስመሳይ›› የተባለችው ግን እርሷ ናት።

የወጣቷ ልዕልት የማሪ አንቷኔት ነገርም ይታወሳል። ልዕልቲቱ ዱ ባሪን ላለማናገር ወሰነች፤ ጉዳዩ ከእናቷ ከእቴጌ ማሪያ ቴሬዛ ጋር የደብዳቤ ንትርክ እስኪያስነሣ ድረስ ከረረ። በመጨረሻ በ1772 የአዲስ ዓመት ቀን፣ ዛሬ ቬርሳይ ሰው በዝቷል የሚል አንድ ተራ ነገር ወደ ዱ ባሪ ጣል አደረገች። አገር ለአገር የሚላላኩ አምባሳደሮች በዚህች ቃል እፎይ አሉ። ከሁለት ዓመት ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ንጉሡ ፈንጣጣ ያዘው። ኑዛዜ ለመግባት እቁባቱን ማራቅ ነበረበትና አሰናበታት፤ ግንቦት 10 ቀን 1774 ሞተ። እርሷ ወዲያው በትእዛዝ ገዳም ገባች። ንጉሡ በአንድ ኑዛዜ ንጹሕ ሆነ፤ ኀጢአቱን ተሸክማ የወጣችው እርሷ ናት።

የሐሜት ገበያ

‹‹ታዲያ የሕዝቡን ገንዘብ አላባከነችም?›› የሚል አንባቢ ይኖራል። በእርግጥ አባክናለች፤ የልብሷና የአልማዟ ሒሳብ ዛሬም ያስደነግጣል፤ ገንዘቡም ዳቦ ላጣ ገበሬ ሊተርፍ የሚገባው ነበር። ነገር ግን መጠኑን እንመልከት። በ1788፣ ከዐብዮቱ አንድ ዓመት አስቀድሞ፣ ከመንግሥት ወጪ ግማሽ ያህሉ ዕዳ ለመክፈል ሲውል የቤተ መንግሥቱ ድርሻ በጠቅላላው 6 በመቶ ገደማ ነበር። አገሪቱን ያከሰራት ጦርነትና ባላባቱንና ካህናቱን ከግብር ሸክም ያሳረፈው ሥርዐት ነው። ይህ ግን በቍጥር የሚነገር አሰልቺ ነገር ነው። የእቁባት ጌጥ ደግሞ በዐይን ይታያል፣ ሐሜት ይሆናል፣ ይሸጣል።

በእርግጥም ይሸጥ ነበር። ለንደን የተቀመጠው ቴቬኖ ደ ሞራንድ ስለ ዱ ባሪ ጸያፍ መጽሐፍ አዘጋጅቶ ‹‹ክፈሉኝ፣ አለዚያ አሳትማለሁ›› አለ። ቬርሳይም በ1774 ታላቁን የቴአትር ደራሲ ቦማርሼን ልኮ ቅጂዎቹን በገንዘብ ገዝቶ አቃጠላቸው፤ ለሞራንድም የዕድሜ ልክ ጡረታ ቆረጠለት። ኋላም ይኸው ሰው የፈረንሳይ መንግሥት ሰላይ ሆኖ ተቀጠረ። እንዲህ ያለውን ጸሐፊ የነፃነት ታጋይ ልንለው እንችላለን? በ1775 ደግሞ የዱ ባሪን ሕይወት የሚተርክ ሌላ መጽሐፍ ያለ ደራሲ ስም ወጥቶ በአገሪቱ በድብቅ ከሚሸጡት መጻሕፍት ግንባር ቀደሞች አንዱ ሆነ።

አዲሱ ንጉሥ ሉዊ 16ኛ እቁባት አልነበረውም። አንድ ሰው ‹‹ሐሜቱ በዚህ ቆመ›› ሊል ይችላል። አልቆመም፤ ዒላማውን ለወጠ እንጂ። ለእቁባቶች የተፈለሰፈው ስድብ ሁሉ ሳይቀየር ወደ ንግሥቲቱ ወደ ማሪ አንቷኔት ዞረ። በ1785 የፈነዳው የአልማዝ ሐብል ቅሌት ለዚህ ምስክር ነው። ሐብሉን ጌጥ ሠሪዎቹ በመጀመሪያ ያሰቡት ሉዊ 15ኛ ለዱ ባሪ ይገዛዋል ብለው ነበር። ዣን ደ ላ ሞት የተባለች ሴት ካርዲናል ሮአንን ‹‹ንግሥቲቱ ሐብሉን በምስጢር እንድትገዛላት ትፈልጋለች›› ብላ አታለለችው፤ ለማሳመንም ኒኮል ለጌ የምትባል የፓሪስ ሴተኛ አዳሪ ንግሥቲቱን መስላ በጨለማ በቬርሳይ የአትክልት ስፍራ እንድታገኘው አደረገች። በ1786 ፍርድ ሲሰጥ ካርዲናሉ በነፃ ተለቀቀ፤ ላ ሞት በጋለ ብረት ተተኰሰች። ከሁሉ ይልቅ የተዋረደችው ግን በነገሩ የሌለችበት ንግሥት ናት። ሕዝቡ በሴተኛ አዳሪዋና በንግሥቲቱ መካከል ልዩነት ማየት ትቶ ነበርና።

የ1793 መከር

ዐብዮቱ መጣ። ጥር 21 ቀን 1793 ሉዊ 16ኛ አንገቱን ተቀላ፤ ንጉሥ አይከሰስም የሚለው አባባል በፓሪስ አደባባይ ተሻረ። ከዚህ በኋላ ሴቶችን የንጉሥ ምትክ አድርጎ መክሰስ ይቀራል ብለን እንጠብቅ ይሆናል። የተከተለውን ቀን በቀን እንቍጠር። ጥቅምት 16 ማሪ አንቷኔት ተሰየፈች። ጥቅምት 30 የአብዮቱ ምክር ቤት የሴቶችን የፖለቲካ ማኅበራት በሙሉ ዘጋ፤ እነዚህ የዐብዮቱ ደጋፊዎች እንጂ የማንም እቁባቶች አልነበሩም። ኅዳር 3 ቀን የሴቶችን መብት መግለጫ የጻፈችው ኦላምፕ ደ ጉዥ፣ ኅዳር 8 ቀን ማዳም ሮላን፣ ታኅሣሥ 8 ቀን ዱ ባሪ ተሰየፉ። ንግሥት፣ ደራሲ፣ የፖለቲካ ሰውና የቀድሞ እቁባት ከስምንት ሳምንት ባነሰ ጊዜ በአንድ ቢላ ስር አለፉ። በቬርሳይ ‹‹የሴት አገዛዝ›› ተበሳጭቶ የኖረ ትውልድ ሴትን ከፖለቲካ ማስወጣትን አገርን እንደ ማጽዳት ቈጠረው። የፈረንሳይ ሴቶች የመምረጥ መብት ያገኙት በ1944 ነው።

ዱ ባሪ ያኔ 50 ዓመቷ ነበር። ወዳጇ ዱክ ደ ብሪሳክ በ1792 በሕዝብ ቁጣ ተገድሏል። በ1791 የተሰረቀባትን ጌጥ ፍለጋ ለንደን መመላለሷ ከስደተኛ መኳንንት ጋር አሢራለች ለሚል ክስ አበቃት። ከመሰከሩባት አንዱ ዛሞር ነበር፤ በልጅነቱ ከቤንጋል ተነጥቆ እንደ ጌጥ የተሰጣት፣ በቤቷ ያደገ፣ ኋላም የሩሶን መጻሕፍት ያነበበ ሰው ነው። በእርሱ አልፈርድም። ንጉሥ እርሷን ለደስታው እንደያዘ እርሷም አንድ ሕፃን ለጌጥ ይዛ ነበርና፤ በዚያ ቤት ንጹሕ የነበረ የለም።

ሌሎቹ መኳንንት ሲሞቱ ኩራታቸውን ለብሰው ዝም ብለው ነበር የሞቱት። ዱ ባሪ ግን ጮኸች፣ አለቀሰች፣ ምሕረት ለመነች። ሥዕሏን የሣለቻት፣ በኋላም በስደት የኖረችው ቪዤ ለብራን በትዝታዋ እንደጻፈችው፣ የተሰበሰበው ሕዝብ በዚያ ጩኸት ልቡ ተነካ፤ ሰያፊውም ቸኰለ። ሌሎቹም እንደ እርሷ ጮኸው ቢሆን ኖሮ ያ የሽብር ዘመን ፈጥኖ ባበቃ ነበር ትላለች ሠዓሊዋ። ይህን ባነበብሁ ቍጥር አንድ ነገር ይገርመኛል፦ ሕዝቡ ለሃያ ዓመት ያህል በዘፈንና በመጽሐፍ የጠላትን ሴት እንደ ሰው ያያት በዚያች ደቂቃ ነው፤ ያኔ ደግሞ ረፍዶ ነበር።

ለወዳጄ በሚቀጥለው ቡናችን ላይ የምነግረው ይህንን ነው። ‹‹ዋናዋ ሴትዮዋ ናት›› የሚል ሰው ደፋር የሆነ ይመስለዋል፤ በእውነቱ ግን ከሁሉ የቀለለውን ክስ መርጧል። ፊርማው የማን ነው? ጦሩን የመራው ማን ነው? ገንዘቡን ያወጣው ማን ነው? ደጅ ጠንተው ሹመት የወሰዱትስ ዛሬ የት ናቸው? እነዚህን ጥያቄዎች የማያነሣ ሕዝብ ባለሥልጣን ቢለውጥ እንኳ ሐሜቱን ለሚቀጥለው ቤት ያወርሳል እንጂ አገዛዙን አይለውጥም። ወዳጄ ሊቆጣኝ ይችላል፤ ይሁን። ቡናውን እኔ እከፍላለሁ።

ቸር ይግጠመን።